ከአስር የተጀመረ ልኬት

ሲንኩ ለሦስተኛ ጊዜ በባንኮኒው ቀዳዳ ሾልኮ ወረደ። በመጀመሪያው ጋሽ ውሃልክ በጉልበታቸው አተረፉት፤ በሁለተኛው አንዱ አናጢ በሆዱ ተቀበለው፤ በሦስተኛው ግን ሁሉም ጉልበቱንና ሆዱን ሰብስቦ ስለነበር ሲንኩ ከሲሚንቶው ወለል ጋር ብቻውን ተገናኘ። ድምፁ ሦስት መንደር ተሻግሮ ተሰማ። ቺፑድ ክምር ላይ ተኝታ የነበረችው ድመት በመስኮት ወጥታ እንደሄደች ቀረች፤ አሁን አንድ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትኖራለች ይባላል።

«እኔ የምለው፣» አሉ ጋሽ ውሃልክ ስብርባሪውን በጫማቸው ጫፍ እየነካኩ፣ «የታዘዝነው ባንኮኒ ነው ወይስ የኳስ ጎል?»

አናጢዎቹ ሳቁ፤ የሳቁት ግን በአፍንጫቸው ነው። ጋሽ ውሃልክ የእንጨት ሥራ ቤቱ ፎርማን ናቸው። ይህን ስም ያገኙት ያቺ አረፋዋ መሀል ላይ ካልቆመች የማትለቅ ውሃልክ ከኋላ ኪሳቸው ስለማትጠፋ ነው፤ ማታ ማታ ትራሳቸውን ሳይለኩ አይተኙም እያሉ ያሟቸዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ ቤት የታየ ጠማማ ነገር ቢኖር የገዛ አፍንጫቸው ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ለአስራ ሁለት የሴቶች ፀጉር ቤት የተሠሩ አስራ ሁለት ባንኮኒዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የአስራ ሁለቱም ቀዳዳ አፉን ከፍቶ የሚያዛጋ ይመስላል።

«ዩኒቨርሲቲ፣ ነይ እስቲ፣» ብለው ጠሩ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይሄ ቀዳዳ ስንት ነው?»

ዩኒቨርሲቲ የሚሏት ልጅቱን ነው። የውስጥ ዲዛይን ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው፤ ለተግባር ልምምድ እዚህ ከተላከች ሁለተኛ ሳምንቷ። እስካሁን ከሰጋቱራ መጥረግ ያለፈ ዲዛይን አልደረሳትም። ሜትሩን ሳበች።

«ሃምሳ ስድስት ሳንቲም።»

«የሲንኩ ከንፈርስ?»

ከሌላው ሲንክ ለካች። «ሃምሳ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ይወድቃል።»

«አየህ፣» አሉ ጋሽ ውሃልክ ወደ አናጢው ዞረው። «አራት ዓመት ተምራ እኔ በጉልበቴ የደረስኩበት ላይ ደረሰች። ወረቀቱን አምጪው እስቲ፣ ጥፋቱ የኛ ይሁን የወረቀቱ እንይ።»

ወረቀቱ ከመጋዙ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። እንጨቱ የተቆረጠው እሷ ከመምጣቷ በፊት ስለሆነ አይታው አታውቅም። ከሚስማሩ አወረደችውና ሰጋቱራውን እፍ አለችበት። እፍታዋ መሀል ላይ ቀረ።

ባንኮኒው ወደ ፊት ዘንበል ይላል። ከሥሩ ለጉልበት የሚሆን ባዶ ቦታ አለው፤ ፀጉር የምታጥበው ሴት ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ወገቧን ሳታጎብጥ እንድትሠራ። የፎጣ ማስገቢያው ደግሞ በግራ በኩል ነው። በዓለም ላይ ስንት ፀጉር ሠሪ ግራኝ እንደሆነ የቆጠረ የለም፤ ልጅቱ ግን አንዷን ታውቃለች። እናቷ ናት። ያቺን የፎጣ ቦታ በግራ የሣለችውም ራሷ ናት፤ ሦስት ጊዜ አጥፍታ፣ አራተኛ ጊዜ ሥላ። ከወረቀቱ ግርጌ «ንድፍ» በሚለው ፊት ለፊት ግን በወፍራሙ የተጻፈው የመምህሯ ስም ነው።

መምህሩ በዲዛይን ትምህርት ክፍል ውስጥ የሚወደድ ሰው ነው ቢባል ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ትምህርት በሌለበት ቀን እንኳ ተማሪ ክፍሉን ሞልቶ ይጠብቀው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ትምህርቱን የጀመረው «ሜትር ይዋሻል» ብሎ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ትላላለች፣ ትጣመማለች፤ እሷን ያመነ ልኬቱን ይስታል። «ከአስር ጀምሩ፤» አለ። «የሜትሩን አስር ሳንቲም ግድግዳው ላይ አድርጉና ለኩ፤ በመጨረሻ አስሯን ቀንሱ። መቀነስ የረሳ ግን ወዮለት።» ከዚያ የበሩን መቃን ውፍረት ሲለካ አስሯን መቀነስ ስለረሳ አንድ ባለ ሆቴል አጫወታቸው። እንግዶቹ በጎናቸው እየገቡ፣ ወፍራሞቹ ደግሞ ቁርስ እስኪያልቅ ውጭ እየቆዩ፣ በመጨረሻ ሆቴሉ የቀጫጮች ብቻ ሆኖ ቀረ አለ። ልጅቱ ይህን ተረት ቤቷ ወስዳ ለእናቷ ስትነግራት እናቷ ማበጠሪያዋን እስክትጥል ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ አንድ ነገር ስትናገር በየመሀሉ «መምህራችን እንዳለው» ሳትል አታልፍም ነበር።

የመጨረሻ ዓመት ሥራ ሲደርስም አማካሪዋ ሆኖ መመሪያውን የሰጠው እሱ ነው፤ ሰው የሚጎዳ አንድ እውነተኛ ክፍል ፈልጉና ፈውሱት። ልጅቱ ሩቅ አልሄደችም። የእናቷን ፀጉር ቤት ሁለት ቀን ለካችው። በመጀመሪያው ቀን የያዘችው ሜትር ጫፉ የወለቀ ስለነበር ከአስር ጀመረች፤ በሁለተኛው ቀን ደህና ሜትር ተውሳ ከዜሮ ለካች። ከአስር የተጀመሩትን ቁጥሮች በማስታወሻዋ ላይ በቀይ ነጥብ ለየች። ንድፉን ስትሥል ግን ቸኮለች፤ ቁጥሮቹን እንዳሉ አስገባችና «አስሯን በኋላ እቀንሳለሁ» ብላ፣ ሐሳቡን ብቻ እንዲያይላት በፍላሽ ሰጠችው።

በሳምንቱ መለሰላት። «ይሄ የእናትሽ ጉዳይ እንጂ የዲዛይን ጉዳይ አይደለም፤» አላት። «አይረባም። ተይው።»

ተወችው። እሱ አይረባም ያለውን ነገር ማስተካከል እንኳ አልታያትም። በምትኩ አንድ የባንክ አዳራሽ ያዘች፤ ሰው ወረፋ ይዞ የሚያረጅበት ዓይነት። ከነገ ወዲያ፣ ዓርብ፣ በፈታኞች ፊት የምታቀርበው እሱን ነው፤ ካለፈች በወሩ ትመረቃለች። የእናቷ ባንኮኒ ግን አስሯ ሳትቀነስለት በመምህሩ ፍላሽ ውስጥ ቀረ። ወዮለት ያለውም፣ የረሳውም አንድ ሰው ሆኑ።

በሌላ ቀን ቢሆን የምትስቀው ልጅቱ ነበረች። ዛሬ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ቀረች።

መምህሩ ተደውሎለት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። ሽቶው ቀድሞት ገባ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋችሁብኝ?»

«ያጠፋነው ነገር ቢኖር የጻፉትን ማመናችን ነው፤» አሉ ጋሽ ውሃልክ። «ሃምሳ ስድስት ይላል፤ ሃምሳ ስድስት ቆረጥን።»

«ሲንኩን ለክቶ መቁረጥ የባለሙያ ወግ አይደለም እንዴ?»

«ሲንኩ የመጣው ዛሬ ጠዋት ነው። በወረቀቱ ቁረጡ፣ ጥያቄ አታብዙ ያሉን እርስዎ ነዎት። አላበዛንም። አሁን ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ማን ነው የለካው?»

መምህሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ልጅቱን አያት። ለልምምድ የት እንደተላከች ረስቶታል፤ አርባ ተማሪ ያለው ሰው ነው።

«እኔ ነኝ፤» አለ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል። «እኔው ነኝ የለካሁት።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ከዚች ተማሪዬ ጋር አንድ ጊዜ ላውራ።»

ከጣውላው ክምር ጀርባ ወሰዳት። እዚያ ለመቀመጥ የሚመች ነገር የለም፤ ቢኖርም አትቀመጥም ነበር።

«መምህር፣ ይሄ የእናቴ ባንኮኒ ነው።»

«ነው።»

አልካደም። ቢክድ ይሻላት ነበር፤ ለክህደት የሚሆን መልስ ይዛ ነበር።

«አይረባም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ጥሩ ነው ብልሽ ትሰጪኝ ነበር?»

ይህን ሲል አላፈረም፤ ሰሌዳ ላይ ስሌት እንደሚያሳይ ሰው ነው የተናገረው። ልጅቱ በአራት ዓመት ውስጥ ያደነቀችው ይህንኑ አነጋገሩን ነበር፣ ከባዱን ነገር በአንዲት ዓረፍተ ነገር ቀላል ማድረጉን።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ፤» አለ ድምፁን ለስለስ አድርጎ። «እኔም ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቼ ወስደውብኛል። ነገ አንቺም ትወስጃለሽ። ስምሽ ቢጻፍበት እነዚህ ባለ ፀጉር ቤቶች አንድ ባንኮኒ እንኳ ያሠሩልሽ ነበር? ማን ያውቅሻል?»

«ቁጥሩ ከአስር የተጀመረ ነው።»

«አሁን ገባኝ። ግን ሁሉም አይደለም፤ ከፍታው ልክ ነው፣ ቀዳዳው ነው የሳተው። የትኛው ከአስር፣ የትኛው ከዜሮ እንደሆነ ማስታወሻሽ ላይ አለ አይደል?»

«አለ።»

«በቃ፣ እስከ አስር ሰዓት አምጪልኝ። ዓርብ የፈታኞቹ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ባንክሽን በማዕረግ አሳልፍልሻለሁ። ስትመረቂም ቢሮዬ ወንበር አታጪም።»

«ባላመጣስ?»

ትከሻዋን እንደ አባት መታ መታ አደረጋት። «ባንክሽ ብዙ ጉድለት አለበት፣ ልጄ። እስካሁን ያላየሁልሽ እኔ ነኝ።»

ማስታወሻው እናቷ ጋ ነው። በእግር ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ በስንት እንደደረሰች ራሷም አታውቀውም፤ አንድ ባለ ብስክሌት ግን ስትቀድመው አይቶ ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱን ለሽያጭ እንዳቀረበ ይወራል።

እናቷ እንደ ሁልጊዜው ወገቧን እንደ ማጭድ አጉብጣ፣ በዝቅተኛው ገንዳ ላይ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ታጥባለች። በግራ እጇ ታሻለች፣ በቀኟ ውሃ ታፈሳለች።

«እማ፣ ማስታወሻዬ የት አለ?»

«ከመስታወቱ ጀርባ። ምነው ሆዴ፣ ፊትሽ ግማሽ የተተኮሰ ፀጉር መስሏል።»

ልጅቱ ማስታወሻውን አወጣች። ልትናገር አላሰበችም ነበር፤ ተናገረች። «ባንኮኒሽን መምህራችን በስሙ ሸጦታል። አስራ ሁለት ቦታ።»

የእናቷ ግራ እጅ ደንበኛዋ አናት ላይ ቆመ። አረፋው በጣቶቿ መሀል እየተንቆረቆረ ወረደ።

«መጥቶ ነበር፤» አለች እናቷ።

«ማን?»

«መምህርሽ። ከሁለት ሴትዮዎች ጋር፣ ባለ ፀጉር ቤቶች ናቸው አለኝ። አንዷን አጠብኩላት፤ እሱ በጣቱ እያመለከተ 'ወገቧን አያችሁ? ጉልበቷን አያችሁ?' ይላቸዋል። እኔም ደህና አድርጌ ጎንበስ አልኩላቸው፣ በደንብ እንዲታያቸው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪያት አለኝ። ለምረቃዋ ያዘጋጀሁላት ስጦታ ነው፣ ድንገት ነው የምታየው አለኝ።» እናቷ ቀና ለማለት ሞክራ ወገቧ አልፈቀደላትም። «ሦስት ወር ሙሉ አፌን ያዝኩ።»

የሚያውቋት ሰዎች ይህን ቢሰሙ አያምኑም ነበር። በዚያ ፀጉር ቤት የገባ ምስጢር ፀጉር ሳይደርቅ ገበያ ይደርሳል፤ አንዲት ደንበኛ ማርገዟን የሰማችው እዚያው ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣ ነው እየተባለ ይቀለዳል።

«በሕይወቴ የጠበቅኩት አንድ ምስጢር ይሄ ነበር፤» አለች እናቷ። «ላንቺ ብዬ።»

ልጅቱ እናቷን መቆጣት ፈለገች። ቁጣው ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ፤ ዞሮ ዞሮ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው የእሷን ሥራ ብቻ አልነበረም የወሰደው። የእናቷንም ደስታ ተበድሮ ለራሱ ሠርቶበታል። ሦስት ወር ሙሉ እናቷ እሷን ባየች ቁጥር ለብቻዋ ፈገግ የምትለው ለምን እንደነበረ አሁን ገባት።

«እኔን ማን ያስታውሰኝ፣ ዓይኔ ተቃጠለ፤» አለች ደንበኛዋ ከገንዳው ውስጥ።

እናቷ ውሃ አፈሰሰችላት። «ቁጥሩን ልትሰጪው ነው?» ጠየቀች፣ ቀና ሳትል።

«ካልሰጠሁት ዓርብ ይጥለኛል። ብሰጠው በማዕረግ ያሳልፈኛል።»

«ባንኮኒዎቹ አስራ ሁለት ናቸው አልሽ?»

«አስራ ሁለት።»

«አስራ ሁለት ወገብ፤» አለች እናቷ። ወደ እጥበቷ ተመለሰች።

እንጨት ሥራ ቤቱ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። ጋሽ ውሃልክ ከባንኮኒዎቹ አንዱን አጋድመው እንደ በሽተኛ ይመረምሩታል።

«ጋሼ፣ እርሳስ ይያዙ። ቁጥሩን የምነግረው ለእርስዎ ነው። ለእሱ አይደለም።»

ፎርማኑ ለምን ብለው አልጠየቁም። ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አውርደው አንድ ቁራጭ ቺፑድ ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እሷ ቀይ ነጥብ ያለበትን ሁሉ አስር እየቀነሰች አነበበች፤ እሳቸው ጻፉ።

«ቀዳዳው አርባ ስድስት። ትልቁንስ ምን ያደርጉታል?»

«ከውስጥ ፍሬም እናስገባለታለን። እኔ ከሠራሁት እግዜርም ጎንበስ ብሎ ካላየ አያገኘውም። ቀጥይ።»

«ሌላው ደህና ነው። የፎጣው ቦታ ግን ወደ ቀኝ ይዙር። የሚሠሩበት ሴቶች ግራኝ አይደሉም።»

እርሳሱ ቆመ። «ግራኟ ማን ናት?»

«እናቴ።»

ጋሽ ውሃልክ ወረቀቱን አዩ፤ ከግርጌው ያለውን ስም አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። «ያመኑት ፈረስ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ትንሽ ቆይተው «ዓርብ ልምጣልሽ?» አሉ። «ምስክር እሆናለሁ። አንድ ሲንክና አንድ ባንኮኒ ይዤ እመጣና እፊታቸው እጥልላቸዋለሁ።»

በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ሲል አፏን በእጇ ያዘች።

«ይቅር፣ ጋሼ። አስር ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ቁጥሩን ለኛ ሰጥታናለች፣ የእርስዎን ግን አልፈለገችም ይበሉልኝ።»

«ምኑን ነው ያልፈለግሽው?»

«እሱ ያውቀዋል።»

የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት የሚዘጋው አስራ አንድ ሰዓት ነው። ጉዳይ የሚጨርሱባት መስኮት የተሠራችው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እንዲለምን ታስቦ ይመስላል፤ አንድ ረጅም ተማሪ እዚያ ወረፋ ሲጠብቅ ቆይቶ አጭር ሆኖ ተመረቀ ይባላል። ልጅቱ ጎንበስ ብላ የአማካሪ መቀየሪያ ቅጽ ጠየቀች።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ መነጽሯን አወረደች። «አማካሪ ከቀየርሽ ዓርብ አትቀርቢም። ለከርሞ ነው የምትዛወሪው።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ወር ነው እኮ የቀረሽ፣ እህቴ።»

«አውቃለሁ።»

«አዲስ ሥራ ነው ከርሞ የምታቀርቢው?»

«አሮጌ ነው። የራሴ።»

ቅጹን ሞላች። የነባር አማካሪ ስም፤ ጻፈች። የአዲስ አማካሪ ስም፤ ገና የለም ብላ ጻፈች። ከዚያ በታች «ምክንያት» የሚል አለ፤ የተተወላት ቦታ አንዲት ጠባብ መስመር ናት። ትንሽ አሰበችና «ሥራዬን በስሙ ሸጠው» ብላ ጽፋ ሰጠች።

ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች፤ ከመዝገብ መደርደሪያ በቀር ማንም የለም። ቢሆንም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። 'በግል ምክንያት' በይ። ሌሎቹም እንደዚያ ነው ያሉት።»

«የትኞቹ ሌሎች?»

ሴትዮዋ ምላሷ እንደቀደማት አወቀች፤ ግን የወጣ ቃል ነው። «ከእሱ የለቀቁት ናቸዋ። ካንቺ በፊት አራት ናቸው። አራቱም 'በግል ምክንያት' ብለው ነው የሄዱት።» ከመሳቢያዋ ያልተጻፈበት ቅጽ አውጥታ በመስኮቷ ሥር አሾለከችላት። «እንኪ፣ እንደገና ሙዪው። ላንቺው ብዬ ነው።»

ከኋላዋ ወረፋው እየረዘመ ነው። «ቶሎ በይልን እንጂ» አለ አንዱ። ልጅቱ ቅጹን አየችው፤ ንጹህ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። አራት ሰው በዚሁ መስኮት ጎንበስ ብሎ፣ ይህንኑ ወረቀት ተቀብሎ ሄዷል።

በአንድ ጣቷ መልሳ ወደ ውስጥ ገፋችው።

«ማኅተሙን በዚያኛው ላይ ያድርጉልኝ፤» አለች።